ልጁ ያየው ጭጋግ

ልጆች ሆይ፥ እኔ መምህራችሁ ከሠራሁት ስሕተት አንዱን ልንገራችሁ።

በሚያዝያ መጨረሻ፥ ሰማዩ በጠራ ጊዜ፥ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ተማሪዎቼን ወደ ውጭ አውጥቼ ከዋክብትን አሳያቸው ነበር። አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ብቻ ስለ ነበረን በየተራ ይመለከቱ ነበር። ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ወደ ደቡብ ዘወር ብሎ ብዙ ቈየና፥ «የኔታ፥ በከዋክብቱ መካከል እንደ ጭጋግ ያለ ነገር አያለሁ፤ ከስፍራው ግን አይንቀሳቀስም። ምንድን ነው?» አለኝ። ምን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። ነገር ግን በልጆቹ ፊት አላውቅም ማለት አሳፈረኝና፥ «ደመና ነው፤ መነጽሩን ለጓደኛህ ስጥ» አልሁት። እርሱም ዝም ብሎ ሰጠ። በዚያ ሌሊት ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። በማግሥቱ መጽሐፍ አገላብጬ ባነብ ልጁ ያየው ረጨት ሆኖ አገኘሁት። ረጨት ማለት እጅግ ብዙ ከዋክብት በአንድነት የሚኖሩበት ነው፤ እኛ ያለንበት ፍኖተ ሐሊብም አንዱ ረጨት ነው። ይህኛው ሜሲየር 83 ይባላል፤ ክንዶቹም እንደ ውሃ አዙሪት የተጠማዘዙ ናቸው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ከዚያ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ ግን 15 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ያ ልጅ በዓይኑ የተቀበለው ብርሃን ሰው በምድር ላይ ሳይኖር ጕዞ የጀመረ ነበር፤ እኔም መነጽሩን አስጣልሁት።

ይህን ረጨት አስቀድሞ ያየው ላካይ የሚባል ፈረንሳዊ ዲያቆን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1752 ዓ.ም. በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ በኬፕ ታውን ተቀምጦ፥ የመስተዋቱ ስፋት 13 ሚሊሜትር ያህል በሆነ ትንሽ መነጽር ወደ 10,000 የሚጠጉ ከዋክብትን ስፍራ ለካ። (የእኛ መነጽር ከእርሱ ይበልጣል!) ጭጋጉንም ባየ ጊዜ ምንነቱን አላወቀም፤ ስለዚህ ቅርጽ የሌለው ትንሽ ጭጋግ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሌላ ነገር አልጨመረበትም። ክንዶቹ የታዩት ከእርሱ ዘመን በኋላ ትልልቅ መነጽሮች በተሠሩ ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት ሌሊት እውነተኛ ደመና ሰማዩን ሸፈነው። በአራተኛው ሌሊት እነዚያኑ ልጆች ሰብስቤ፥ «ያየኸው ደመና አልነበረም፤ እኔ ሳላውቅ ተናገርሁ» አልሁት። ከዚያም መነጽሩን አንሥቼ ብፈልግ ብፈልግ ረጨቱን አጣሁት። ልጁም ቀስ ብሎ ክርኔን ያዘና፥ «የኔታ፥ ጥቂት ከፍ ያድርጉት፤ አሁንስ አዩት?» አለኝ።