ያላየሁት ብርድ

ግልገል በለስ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ ብርድ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? ያውም ያላየሁት ብርድ! ጥፋቱ የካሴት ነው።

የሰፈራችን ቴፕ የጎረቤታችን ነበረች። እትዬ እንላቸዋለን። በ1977ቱ ድርቅ ከአምባሰል ተነስተው በጣና በለስ ሰፈራ ፓዌ ከወረዱት አንዷ ናቸው። መንደሩ ሁሉ በቁጥር በሚጠራበት አገር ቆይተው፣ ኋላ እኛ ጋ መጥተው ቡና ማፍላት ያዙ። ከቡናው ጋር ዘፈን በነፃ ነው።

የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ማሪቱ ለገሠ ቀስ በቀስ ወንድ ትሆናለች። ሮጠን ድንጋዩን እናወጣና ነከስ ነከስ አድርገን ቆርቆሮ ላይ እናሰጣዋለን። የመተከል ፀሐይ ምን ይሳናታል፣ ማታ ማሪቱ ሴትነቷ ይመለሳል። ቴፑ ክር የበላ ቀን በቢክ እስክሪብቶ ማጠንጠን ደግሞ የእኔ ሹመት ነበር።

ግጥሞቹን እየሰማሁ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፣ ለደብዳቤ ይሆናላ! የሚገርመው፣ በዚያ ሁሉ ዘፈን ውስጥ አንድም የተሳካለት ሰው አላገኘሁም። የሚጠበቀው አይመጣም፣ የተላከበት አይሰማም፣ ወንዙ ሞልቶ ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው። ቢመጣማ ዘፈኑ ገና አዝማቹ ላይ ያልቅ ነበር። (ደብዳቤዬም መልስ አላገኘም፤ ግጥሙ ምን ያድርግ።)

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ «እትዬ፣ ቅኝት አራት ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁለቱ የወሎ ቦታ ናቸው አሉ» ብላቸው ጀበናውን እንደያዙ ዞር አሉ። «ትዝታንስ የማን አሉህ?»

ከዚያ ወዲያ ባቲና አምባሰል በሐሳቤ አንድ አገር ሆኑ፦ ጉም፣ ጋቢ፣ የገብስ ማሳ። በዘይት ጣሳና በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ክራር ሠርቼ ልደርስባቸው ሞከርኩ። የሰፈሩ ውሻ ብቻ ተቀበለኝ።

ዛሬ የማህሙድ አህመድም የበዛወርቅ አስፋውም ትዝታ ኪሴ ውስጥ ነው። የሚነከስ ድንጋይ የለም። ልጆቼ ግን የክራሩ መግቢያ ሳያልቅ በአውራ ጣታቸው ወደ ሌላ ቪዲዮ ይገፉታል። ናፍቆት እንኳ ሳይጀመር ይታለፋል እንዴ!

በስተመጨረሻ ሥራ ወደ ወሎ ላከኝ። ሰኞ ስለነበር በቀጥታ ወደ ባቲ ገበያ። ጃኬቴን ለብሼ፣ አንገቴን በፎጣ ጠቅልዬ ወረድኩ። ግመል በግመል ነው። ላቤ ጫማዬ ደረሰ። ስንት ዓመት የናፈቅሁት አገር ግልገል በለስን መስሎ ይጠብቀኝ? ጃኬቴን አውልቄ በክንዴ ላይ እንደያዝኩ ብቻዬን ስስቅ፣ አንድ ግመል ነጂ መንገድ ለቀቀልኝ።

አምባሰል ይቀራል አልኩ። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚሄደው አውቶቡስ መስኮት ዳር ቦታ ያዝኩ። ሐይቅን አስታውሳለሁ። ከዚያ ስነቃ ረዳቱ ወልዲያ ብሎ እየጮኸ ነው፤ የአምባሰልን ውጫሌ ተኝቼ አልፌዋለሁ።

እትዬ ደወሉ። «አምባሰልን አየሃት የኔ ልጅ?»

«አየኋት እንጂ!»

«ጉም ለብሳ?»

«ለብሳ።»

ዝም አሉ። ቀጥለው፣ «እስቲ ወላሂ በል» አሉኝ።

ኔትወርክ ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።