አምስት ሌቦችና አንድ ድንጋይ

መጽሐፉን የገዛሁት በስህተት ነው። አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ አንድ አዟሪ ክምሩን ታቅፎ መጣና፣ «የወንጀል ልቦለድ ነው፣ ሌሊት አያስተኛም» አለኝ። እኔም የምፈልገው የማያስተኛ ነገር ነበር። እናቴ እዚያው ጉለሌ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ተኝታ የቀዶ ሕክምና ተራ ትጠብቃለች፤ አስታማሚዋ እኔ ነኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በኛ ቤት መጽሐፍ ማለት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፣ «ኦሮማይ» ነው። አንብቦ መተከዝ እንጂ አንብቦ መንከትከት አልለመደብንም። የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ልቦለዶችና ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት ያነበብኩት በደብተር ሸፍኜ ነው። እነሱም ቢሆኑ ልብ ያንጠለጥላሉ እንጂ አያስቁም።

ይሄኛው አሜሪካዊው ዶናልድ ዌስትሌክ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው «ዘ ሆት ሮክ» ነበር። ዌስትሌክ በሌላ የብዕር ስም ፓርከር ስለሚባል ጨካኝ ዘራፊ ይጽፍ ነበር። ይህንንም ለፓርከር ብሎ ጀመረው። ግን አንድን ዕቃ ደጋግሞ መስረቅ ሲመጣ ታሪኩ እያሳቀ አስቸገረው፤ ፓርከር ደግሞ የሚሳቅበት ሰው አይደለም። ስለዚህ ዶርትመንደር የሚባል እድለ ቢስ ሌባ ፈጠረ። ስሙን ያገኘው ቡና ቤት ከተሰቀለ የጀርመን ቢራ ማስታወቂያ ነው።

ታላብዎ የምትባል አፍሪካዊት አገር (ካርታ ላይ አትፈልጓት፣ የለችም) በጎረቤቷ እጅ ያለውን መረግድ ኒው ዮርክ ላይ እንዲሰርቅላት ትቀጥረዋለች። አራት ሰው ይዞ ይሰርቃል፤ ድንጋዩን የያዘው ግን ይታሰራል። እስር ቤት ገብተው ያስመልጡታል። «ፖሊስ ጣቢያ ደብቄዋለሁ» ይላቸዋል። በሄሊኮፕተር ፖሊስ ጣቢያው ጣሪያ ላይ ያርፋሉ፤ ድንጋዩ የለም። ጠበቃው ወስዶታል! ጠበቃውስ? የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብቷል። እዚያ ደግሞ በባቡር አጥር ጥሰው ይገባሉ።

ሄሊኮፕተሩ ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ሰው በሚያቃስትበት ክፍል! አፍሬ ይቅርታ ስጠይቅ፣ በር አጠገብ የተኙት ጡረተኛ አስተማሪ «ይቅርታውን ተዪና ንገሪን» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየማታው፣ ጠያቂ ከወጣ በኋላ፣ ተራኪ ሆንኩ። ሾፌሩ ሙርች በመጣ ቁጥር በየት በየት ዞሮ መጨናነቁን እንዳመለጠ ሳያወራ አይቀመጥም። «ይሄማ የሽሮ ሜዳ ባለታክሲ ነው!» ተባለ። ከእናቱ ጋር እንደሚኖር ስናገር እማዬ፣ «አግብቶ አይወጣላትም እንዴ?» አለች። ኬልፕ የሚባለው ደግሞ በተከታዮቹ መጻሕፍት የሐኪም መኪና መርጦ ነው የሚሰርቀው፤ ሐኪሞች ምቾት ያውቃሉ ብሎ። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ዋርዱ ጉድ ይሰማ ነበር።

አስተማሪዋ እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፏቸውን፣ ብሪትሽ ሙዚየም ያሉትን 11 ታቦታት አንስተው «እነዚህን አምስቱን ለንደን መላክ ነበር» አሉ። «ኧረ ይተዉ፣ ታቦት አምስቴ ሊጥሉብን!» አለች ሌላዋ።

ይህን ያህል ለምን እንደወደዱት ቆይቶ ነው የገባኝ። ሁሉም ተራ ጠባቂዎች ናቸው። ደረስን ሲሉ ወደ ሌላ ቢሮ፣ ወደ ሌላ ቀጠሮ መባልን ያውቁታል። ዶርትመንደርም ያው ነው፤ ይነጫነጫል፣ ግን ተነስቶ ይሄዳል።

የእማዬ ተራ ደረሰ። በዋዜማው ሌሊት ጠበቃው ከሆስፒታሉ የወጣበት ላይ ነበርን።

«ጨርሺልኝ» አለችኝ።

«ነገ፣ ስትወጪ።»

«ባልወጣስ?»

ባጭሩ ልነግራት እችል ነበር። መጨረሻውን ከሰማች የምትጠብቀው ነገር የሚያልቅባት መሰለኝና «አልነግርሽም» አልኳት። በማግስቱ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ የተቀመጥኩት ራሴን እየረገምኩ ነው። የእናቷን ልመና፣ ያውም በዚያች ሌሊት፣ ለአንድ ድንጋይ ብላ እምቢ ያለች ልጅ!

ወደ ማምሻው መለሷት። ዓይኗን በግማሽ ገለጠች። ከንፈሯ ደርቋል። ውሃ የምትለኝ መስሎኝ ጆሮዬን ጠጋ አደረግኩ።

«ድንጋዩስ?» አለችኝ።