ቀዩ ነጥብ

ከመሀል ከተማ ስትመለስ ምስርና ቀይ ሽንኩርት ይዘህ ና ብላኝ ነበር እህቴ። የካርልተንና የቸርች መንገዶች ከሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ካለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ገባሁ። በመደርደሪያዎቹ መካከል ስሄድ ወለሉ ላይ ቀይ ክብ ነጥብ አየሁ። ከፊቴ ጋሪ የሚገፉ አንድ አዛውንት እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። በጫማቸው ጫፍ ነጥቡን ነካ አደረጉና አለፉ። የደጀ ሰላም ደፍ የሚሳለም ሰው መሰሉኝ።

ማታ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ቶሮንቶ ነው። «ጋሼ፣ እሱ እኮ የበረዶው መሀል ነው!» አለኝ። ለካ ያ ሽንኩርት የገዛሁበት ቤት ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ የሚባለው ስመ ጥር ስታዲየም ኖሯል። በ1931 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) ተከፈተ፣ የከተማው የሆኪ ቡድን እስከ 1999 ድረስ እዚያ ተጫወተ፣ በ2011 ምድር ቤቱ ገበያ ሆነ። ፎቁ ላይ፣ በአሮጌው ጉልላት ሥር፣ ዛሬም በረዶ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይጫወቱበታል። ቀዩ ነጥብ ጨዋታ የሚጀመርበትን ቦታ እንዲያስታውስ የተቀባ ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ አስተምሬያለሁ። የመጣሁት እህቴን ለመጠየቅ ነው፤ የምትኖረው ዳንፎርዝ ላይ፣ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከግሪንዉድ ጣቢያ አጠገብ ነው። ቅዳሜ ማታ በዚህ አገር የሆኪ ማታ ነው፤ በቴሌቪዥን ከ1952 ጀምሮ እንዲሁ ነው ይላሉ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ከልጁ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩ፤ ግን ምንም አላየሁም። ፓኳ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ጥቁር ክብ ናት፤ 170 ግራም ገደማ ትመዝናለች። እንዳትነጥር ከጨዋታ በፊት በማቀዝቀዣ ያቀዘቅዟታል። ዐይኔ እሷን ሲያሳድድ እሷ ሌላ ጥግ ደርሳለች። ተጫዋቾቹ ደቂቃ ሳይሞላ ይቀያየራሉ፤ ማን ወጣ ማን ገባ አይታወቅም። ቆልመም ያለችው ዱላ ብቻ ዘመዴ ሆነችልኝ። በገና ሰሞን ሩር የምንመታበት ዱላ እኮ ይቺው ናት።

«ጋሼ፣ ፓኳን አትከተላት። ፓክ ያልያዘውን ሰው እየው።»

ማን እንዳስተማረው ጠየቅሁት። አሠልጣኛችን ነው አለኝ። አሠልጣኙን ደግሞ ማን አስተማረው? ልጁ ስልኩን አወጣና አንድ አሮጌ ፊልም አሳየኝ። ፊልሙ ውስጥ ስኬት የሚባለውን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የተጫማ ሰው በረዶ ላይ ቆሞ በቀጭን ድምፅ ልጆች ላይ ይጮኻል። ስሙ ሃዊ ሚከር ነው። ከዚያ ማታ ጀምሮ እስክመለስ ድረስ የዚህን ሰው ነገር ሳነብና ሳይ ከረምኩ።

ሚከር በ1923 ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ኪችነር ከተማ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ እንግሊዝ አገር ሲሠለጥን የእጅ ቦምብ እግሩ ሥር ፈነዳ። ከዚያ ቁስል ድኖ በ1946 ለቶሮንቶ ተሰለፈ። በመጀመሪያው ዓመቱ፣ ጥር 8 ቀን 1947፣ ቺካጎ ላይ በአንድ ጨዋታ አምስት ጎል አገባ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሲባል ከበለጣቸው ጀማሪዎች አንዱ ጎርዲ ሃው ነበር፤ ሃው ኋላ ከዓለም ታላላቆች አንዱ ሆኗል። ሚከር ከቡድኑ ጋር አራት ጊዜ የስታንሊ ዋንጫን አነሣ። ገና እየተጫወተ ሳለም የፓርላማ አባል ሆኖ ሁለት ዓመት አገልግሏል።

እኔን የያዘኝ ግን አንድ ጎል ነው፤ ያውም እሱ ያላገባው። ሚያዝያ 21 ቀን 1951፣ መሀሉን ዛሬ ያ ቀይ ነጥብ በሚያስታውሰው በረዶ ላይ ቶሮንቶና ሞንትሪያል ለዋንጫ ይጫወታሉ። የፍጻሜው አምስቱም ጨዋታዎች በተጨማሪ ሰዓት ያለቁ ናቸው። በአምስተኛው ቢል ባሪልኮ የሚባል ተከላካይ ከኋላ መጥቶ መታና ዋንጫው የቶሮንቶ ሆነ። ባሪልኮ በአየር ላይ ተንሳፍፎ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ካናዳ ውስጥ የማያውቀው የለም። በዚያው ዓመት በጋ አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ፤ አስከሬኑ የተገኘው በ1962 ነው። ለዚያ ጎል ካቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ሚከር ነው። ሁሉም ባሪልኮን ሲያይ እሱ ከግቡ ጀርባ ከተጋጣሚው ጋር እየተናነቀ ነበር። ፓክ ያልያዘውን ሰው እየው የሚለው ትምህርት ከየት እንደመጣ ይህን ሳነብ የገባኝ መሰለኝ። ከግቡ ጀርባ ሲታገል ኖሮ የማይታየውን ሰው ሥራ በገዛ ትከሻው ያውቀዋል።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በ1956 የዚያው የቶሮንቶ ቡድን አሠልጣኝ አደረጉት። 21 አሸነፈ፣ 34 ተሸነፈ፣ 15 አቻ ወጣ። በዓመቱ ወደ ሥራ አስኪያጅነት አሻገሩት፤ አዲሱ የጨዋታ ዘመን ሳይጀመር ከዚያም አነሡት። እኔ በዚህ አላፍርለትም። ያወቀ ሁሉ እናውቃለን ለሚሉ ሰዎች አለቃ ይሆናል ማለት አይደለም። በሙያዬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ጎበዝ ተጫዋች የነበረ ሰው ዐዋቂዎችን ሲያሠለጥን ይበሳጫል፣ ሕፃናት ፊት ሲቆም ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሚከርም ተነሥቶ ወደ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ሄደ። ከትልቁ ሊግ ርቆ፣ ሴንት ጆንስ ከተማ፣ ልጆችን በበረዶ ላይ መንሸራተት ያስተምር ጀመር።

ማይክሮፎኑ የመጣለት ከዚያ በኋላ፣ በ1960ዎቹ ማብቂያ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ልጅነቴን አስታወሰኝ።

ታኅሣሥ 1980 በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ ለሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ሲጫወቱ እኔ ደሴ ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ሥር ነበርኩ። መለያ ምቱ ሲመታ ስታዲየሙን ያየሁት በጨዋታው አስተላላፊ በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። እሱ ዐይናችን ነበር። ካናዳም እንዲሁ ነበረች፤ ፎስተር ሂዊት የሚባለው ሰው ከጋርደንስ ጣሪያ ሥር፣ ከበረዶው 17 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከተንጠለጠለች ጎጆ ሆኖ ለዳር አገር ገበሬ ሁሉ ያስተላልፍ ነበር። ቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ሰው የራሱ ዐይን አለው። እንግዲህ ለሚያይ ሰው ምን ይነገረዋል? ብዙዎቹ ያየነውን መልሰው ይነግሩናል፤ መታ፣ ሳተ፣ አገባ። የእኛም አገር ቴሌቪዥን ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ሚከር ምስሉን አስቆመው። በዕረፍት ሰዓት የጎሉን ፊልም እያስደገመ «እዚያ ላይ አቁም!» ይላል፤ «ወደ ኋላ መልስ!» ይላል። በቆመው ምስል ላይ በመስመር እያከበበ ያሳያል። በዚያ ዘመን ይህ አዲስ ነገር ነበር። በዚህ በመቆም ውስጥ ነው ጨዋታው የሚታየው። ለምሳሌ አጥቂው ወደ ተጋጣሚው ክልል የሚያስገባውን ሰማያዊ መስመር ከፓኳ ቀድሞ መሻገር አይችልም፤ ስለዚህ ፓክ የያዘው መስመሩ ጋ ሲደርስ ጓደኛው ለአፍታ እግሩን ይይዛል፣ ወይም በመስመሩ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ያ መያዝ አንዱን ተከላካይ ይስበዋል፤ ተከላካዩ ሲሳብ መሀሉ ይከፈታል። በሩጫው ውስጥ ይህ ሁሉ የዐይን ጥቅሻ ያህል ነው። ሲቆም ግን እንደ ቼዝ ገበታ ቁልጭ ይላል። ከደሴ የመጣሁት እኔ፣ ስኬት ነክቼ የማላውቀው፣ በሃምሳ ዓመት አሮጌ ፊልም ኦፍሳይድ ገባኝ።

መስከረም 2 ቀን 1972 ሞንትሪያል ላይ ሶቪየቶች የካናዳን ታላላቆች 7 ለ 3 ሲያሸንፉ አገሩ ሐዘን ተቀምጦ ነበር። ካናዳ ስምንቱን ጨዋታ ጨርሳ በጠባብ ልዩነት ብታሸንፍም ቁስሉ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት የሚከር የሆኪ ትምህርት ቤት በቴሌቪዥን ተጀመረ። ጩኸቱ አንድ ነበር፦ ልጆቹን ጨዋታ አታብዙባቸው፤ መንሸራተት፣ ማቀበል፣ ዱላ መያዝ አስተምሯቸው። በ1998 በሂዊት ስም የሚሰጠውን የአስተላላፊዎች ሽልማት ተሸለመ፤ በ2020 በዘጠና ሰባት ዓመቱ ዐረፈ።

አሠልጣኝነትን ትቶ ማይክሮፎን የጨበጠ ሌላም ሰው አለ፤ ዝናው ከሚከር ይበልጣል። ዶን ቼሪ በትልቁ ሊግ አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ፣ በ1976 የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተብሎ፣ ከዚያ ለአሥርት ዓመታት የቅዳሜ ማታ ድምፅ የሆነ ነው። ኅዳር 2019 ላይ፣ ለጦርነት ሙታን መታሰቢያ የሚደረገውን ቀይ አበባ ስደተኞች አያደርጉም ብሎ በአየር ላይ ወቀሰ፤ ጣቢያው በሁለተኛው ቀን አሰናበተው። እህቴ ያን ማታ ሳሎን ውስጥ ነበረች። «ኮቴ ላይ አበባው አለ፤ ኮቴም በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱ ግን አያየኝም» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ቡናዋን ቀዳች። ማይክሮፎን ከባድ ነገር ነው። በጦርነቱ የቆሰለው ሚከር በዚያው ድምፁ ለእንደኔ ዓይነቱ ባዕድ በር ከፍቶ ሄደ፤ እኔ የምወግነው ለእሱ ነው።

እሑድ ግሪንዉድ መናፈሻ ሄድን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ እህቴ በቴርሞስ ሻይ ይዛለች። የልጁ አሠልጣኝ ጉልበቱ የተጎዳ፣ በወጣትነቱ የተጫወተ ሰው ነው። ፓኮቹን በሙሉ ባልዲ ውስጥ ከትቶ ባልዲውን ከአጥሩ ውጪ አስቀመጠው። ግማሽ ሰዓት ልጆቹ ባዶ በረዶ ላይ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ በግራ ጠርዝ፣ በቀኝ ጠርዝ ተንሸራተቱ። አንድ አባት መቼ ነው የሚጫወቱት ብሎ ጮኸ። አሠልጣኙ ዞር አላለም። እኔ ግን ሄጄ እጁን ብጨብጠው ደስ ባለኝ፤ ሃያ አራት ዓመት ይህንኑ ጩኸት ከየአጥሩ ሥር ሰምቻለሁና።

በመጨረሻ ባልዲው ተገለበጠ፣ ለሁለት ተከፍለው ገጠሙ። እኔ የእህቴን ልጅ ብቻ ያዝኩ። መስመሩን ተሻገረ፣ ዱላውን መሬት አስነክቶ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ የሚጠብቀው ረጅም ልጅ አብሮት ታጠፈ። ከበስተግራ ጩኸት ተነሣ፣ ዱላዎች አጥሩን ደበደቡ። ጎሉ ሲገባ አላየሁትም፤ ማን እንዳገባም አላውቅም።

ሲወጣ እህቴ ሻይ ሰጠችው። ትንፋሹ እየጨሰ «ጋሼ፣ ዛሬ አንዴም አላገባሁም» አለኝ።

«ረጅሙን ልጅ ወደ ቀኝ ወስደህ መሀሉን ማን ከፈተው?»

ኩባያውን ከአፉ አራቀና አየኝ። «አየኸኝ?»

«አየሁህ።»