ሙቀት መውጫ ሲያጣ

በዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ የቤት ዕቃ ላጫውታችሁ ወድጃለሁ። ከእናንተ መካከል «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በየሳሎናችን ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ንብረት አይደለም። አንዱ ከዓረብ አገር በተላከ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ሌላው አባት ለልጁ ቃል ገብቶ ከደመወዙ እየቆጠበ ያመጣው ነው፤ ለሌላው ደግሞ የዕለት እንጀራው ነው። ከዚህ ዕቃ ዋና ዋና ጠላቶች አንዱ ሙቀት ነው። ሙቀቱን በቤታችን፣ በእጃችን፣ በጥቂት ወጪ ልንከላከለው እንደምንችል ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

አንድ የጌም ማጫወቻ ከባድ ጨዋታ ሲያጫውት እንደ ዓይነቱ ከ100 እስከ 200 ዋት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ይህም ቀድሞ በየቤታችን ይበሩ ከነበሩት ባለ 100 ዋት አምፖሎች የአንዱን ወይም የሁለቱን ያህል መሆኑ ነው። የአምፖሉን ትኩሳት በእጁ ነክቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ማጫወቻው የወሰደው ኤሌክትሪክ ሁሉ ለማለት ይቻላል በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል፤ የሙቀቱም አብዛኛው ክፍል የሚወጣው ከጥፍር ብዙም ከማይበልጥ ዋና ቺፕ ነው።

ስለዚህ የማሽኑ ሠሪዎች ለሙቀቱ መንገድ አበጅተውለታል። ቺፑ ላይ ስስ ቅባት ይደረጋል፤ ባለሙያዎች ቴርማል ፔስት ይሉታል። ከቅባቱ በላይ ብዙ ስስ ክንፎች ያሉት ብረት ይቀመጣል። በብረቱ ክንፎች መካከል ማራገቢያው አየር እየነዳ ሙቀቱን በጀርባው በኩል ያስወጣዋል። ቺፕ፣ ቅባት፣ ብረት፣ አየር፤ አራቱ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ቀለበት ሲደክም ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ማራገቢያው ጉድለቱን ለመሙላት ይፈጥናል፣ እንደ ወፍጮም ይጮኻል። ይህም ሳይበቃ ሲቀር ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ይህ መጥፋት የሞት ምልክት እንዳይመስላችሁ፤ ቺፑ እንዳይቃጠል አስቀድሞ የተሠራለት ጥበቃ ነው። ማሽኑ «ከዚህ በላይ አልችልም» ማለቱ ነውና በዚያው ቅጽበት ደግሞ ደጋግሞ ማብራት ጥበቃውን መጋፋት ይሆናል።

በእኛ አገር ለምን ይብሳል?

የምኖረው በከሚሴ ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከደሴ ብርድ ወርዶ የሚመጣ እንግዳ ካፖርቱን ኮምቦልቻ ላይ ማውለቅ ይጀምራል። በሚያዝያና በግንቦት የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል ቤቱ ውስጥ ያለው አየር ራሱ ትኩስ ነው፤ ትኩስ አየር ደግሞ ትኩስ ብረትን ማቀዝቀዝ ይከብደዋል።

በዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። በእኛ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከስምንት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያስወጣው አየር መጠኑ እኩል ቢሆንም ክብደቱ ያንሳል፤ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ አየሩ ከዚህም ይሳሳል፤ ነገር ግን ከተማው ብርድ ስለሆነ ይካካሳል። እኛ የሳሳውንም ሞቃቱንም አየር አንድ ላይ ይዘናል።

አቧራውም አለ። ከባድ መኪኖች ቀንና ሌሊት ያልፋሉ፤ በበጋ ወራት ያነሡት ትቢያ በደጃፍ ይገባል። በየቤቱ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ ጭሱ ቅባትነት ስላለው ትቢያውን ከብረቱ ክንፎች ጋር ያጣብቀዋል። በመጨረሻም የእናቶቻችን ዳንቴል አለ። የከበረ ዕቃ መሸፈን አለበት ብለው፣ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ያማረ ዳንቴል በማጫወቻው ላይ ያለብሱታል፤ ወይም ቡፌው ውስጥ ከስኒዎቹ አጠገብ አስገብተው መስተዋቱን ይዘጉበታል። ከፍቅር የተነሣ ነው። ማሽኑ ግን በአፍንጫው ላይ ጨርቅ እንደ ታሰረበት ሰው ይሆናል።

የጎረቤቴ ነገር

በሠፈራችን አንድ ሙስሊም ወጣት አለ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ማጫወቻ አስቀምጦ፣ የሠፈሩን ልጆች በጨዋታ እያስከፈለ ይሠራል። ዕቃውን የገዛችለት ታላቅ እኅቱ ናት። ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ፣ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዟን «ሥራ ፍጠርበት» ብላ ልካለታለች። እርሱም አላባከነውም፤ ከገቢው ኪራዩን ይከፍላል፣ ለእናቱ መድኃኒት ይገዛል።

ባለፈው ግንቦት ማጫወቻው ከሃያ ደቂቃ በኋላ በጨዋታው መካከል መጥፋት ጀመረ። ሲመራ የነበረው ልጅ «ገንዘቤን መልስ» ይላል፤ ሲመራበት የነበረው ደግሞ «አልከፍልም» ይላል። ደንበኞቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። አንዱ ነጋዴ ለመለዋወጫ በርካሽ ሊገዛው ጠየቀው። ሌላው ደግሞ «በፎጣ ጠቅልለህ አብራው፣ ይድናል» ብሎ መከረው። በዚህ ጊዜ ነው ማታ ማሽኑን በሻርፕ ጠቅልሎ ወደ ቤቴ የመጣው። ሬድዮና ስልክ ፈትቶ መግጠም የቆየ ልማዴ መሆኑን ያውቃል። ከተቀመጠ በኋላ የተናገረው ስለ ማሽኑ አልነበረም። «ጋሼ፣ እኅቴ ስትደውል ምን እላታለሁ?» ነበር ያለኝ።

የፎጣውን ምክር አስቀድሜ ከለከልሁት። ምክሩ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ታሪክ አለው። በ1998 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 የተባለውን ማጫወቻ ለገበያ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ እጅግ ብዙዎቹ ማሽኖች ሦስት ቀይ መብራቶች እያሳዩ መቆም ጀመሩ። ኩባንያው በ1999 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ለዚህ ብልሽት የሚሰጠውን ዋስትና ወደ ሦስት ዓመት አራዘመ፤ ለዚህም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ችግሩ በቺፑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማያያዣዎች ደጋግመው ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ መሰንጠቃቸው ነበር። ያን ጊዜ አንዳንድ ሰዎች ማሽኑን በፎጣ ጠቅልለው ሲያግሉት የተሰነጠቀው ለጥቂት ጊዜ እየተነካካ ይሠራላቸው ነበር። ነገር ግን ያው ግለት የቀረውን እየሰነጠቀ ማሽኑን ቶሎ ይጨርሰዋል። በሙቀት የታመመን በሙቀት ማከም ሕመሙን መጨመር ነው። የጎረቤቴ ማሽን ደግሞ ገና አልተሰነጠቀም፤ የታፈነ ብቻ ነበር።

እንዴት ጠገንነው?

መጀመሪያ ከመብራት ነቅለን ብዙ ቆየን። በኃይል ማከፋፈያው ክፍል ውስጥ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ የሚቀር ኤሌክትሪክ አለና፣ ያንን የታሸገ ክፍል ማንም በቤቱ ሊከፍተው አይገባም፤ እኛም አልነካነውም። ባለቤቴ የቡና ስኒዎችን በረድፍ ደረደረችልን። ከእያንዳንዱ ደረጃ የፈታነውን ብሎን በየስኒው አኖርን፤ ከመፍታታችን በፊትም በስልክ ፎቶ አነሣን። ርዝመታቸው የተለያየ ብሎኖች ስለሆኑ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ የሚያስገባ ሰው ሰሌዳውን ሊበሳው ይችላል። አንዳንዶቹ ብሎኖች ራሳቸው እንደ ኮከብ ስለሆነ ተራ ካቻቢቴ አይፈታቸውም፤ ለእነርሱ የሚሆነውን ከስልክ ጠጋኝ ተዋስን።

ክዳኑ ሲነሣ ልጁ ዝም አለ። የብረቱ ክንፎች አይታዩም ነበር፤ ትቢያው እንደ ተባዘተ ጥጥ ተጋግሮባቸው ነበር። እኔም «እነሆ ሌባህ» አልሁት። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት አስቦ ነበር። ይህ ግን አይመከርም፤ የጎማ መሙያው አየር እጅግ ኃይለኛ ነው፣ ውኃና ዘይትም ይዞ ሊወጣ ይችላል። እኛ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረግነው፤ ማራገቢያውንም እንዳይሽከረከር በጣት ይዘን አጸዳነው። በአየር ግፊት ከልክ በላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ መዘወሪያው ይጎዳልና።

ከዚያ ብረቱን አነሣን። ቅባቱ ደርቆ፣ በበጋ እንደ ተሰነጠቀ የጨፋ ጭቃ ሆኖ ነበር። ቅባቱ ሥራው በቺፑና በብረቱ መካከል ያሉትን ዓይን የማያያቸውን ክፍተቶች መሙላት ነው፤ አየር ሙቀትን የሚያስተላልፈው እጅግ በደካማ ሁኔታ ነውና። ሲደርቅ ክፍተቱ ይመለሳል። አሮጌውን ጥጥ በማያራግፍ ጨርቅና በአልኮል ጠርገን፣ አልኮሉ ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠበቅን። አዲሱን ቅባት የአተር ፍሬ ያህል በመካከሉ አኖርን። ቅባቱን በብዛት መለቅለቅ አይጠቅምም፤ በጥርስ ሳሙና መተካትም በጥቂት ቀን ደርቆ መልሶ ችግር ያመጣል። ብረቱን ስንመልስ ብሎኖቹን በአንድ ጊዜ አላጠበቅናቸውም፤ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው እየተሻገርን በየጥቂቱ አጠበቅን፤ ክብደቱ በአንድ ወገን እንዳያርፍ።

ስኒዎቹ ባዶ ሲሆኑ ሥራው አለቀ፤ ታጥበውም ቡና ተቀዳባቸው። ማሽኑን ከግድግዳው አርቀን በባዶ ጠረጴዛ ላይ አብርተን ሁለት ሰዓት ያህል አጫወትነው። ድምፁ ዝቅ ብሎ ቀጠለ፤ አልጠፋም። በማግስቱ ማታ እኅቱ ደወለች። እርሱም ከመጥፋቱ እስከ መጠገኑ አንድም ሳይደብቅ ነገራት። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እስክመጣ ድረስ ይቆያል?» አለችው። «ካጸዳሁት ይቆያል» ብሎ መለሰላት።

ልታስተውሉት የሚገባ

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ሁሉም ማሽን በቤት አይከፈትም። አዲስና ዋስትናው ያላለቀ ከሆነ መክፈታችሁ ዋስትናውን ሊያሳጣችሁ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 በቅባት ፈንታ ፈሳሽ ብረት አለው፤ ፈሳሽ ብረቱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጠብታው ቢፈስ ሰሌዳውን ሊያቃጥል ይችላል። የዚህን ዓይነቱን ብረት ማንሣት የባለሙያ ሥራ ነው። ከጽዳቱ በኋላም የሚጠፋ ማሽን ካለ ችግሩ ሌላ ነውና አትታገሉት።

ከመክፈታችሁ በፊት ግን ካቻቢቴ የማያስፈልጋቸውን ነገሮች አድርጉ። ዳንቴሉን አንሡለት፤ እናታችሁን ቅር እንዳይላት ምክንያቱን በአክብሮት ንገሯት፣ ዳንቴሉንም ለሬዲዮው ጠረጴዛ ስጡት። ከቡፌው አውጡት። በጀርባውና በጎኑ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ተዉለት። በምንጣፍ ወይም በፍራሽ ላይ አታስቀምጡት። መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ሲመለስ ኃይሉ እስኪረጋ ጠብቁ። የውጭውን ቀዳዳ በየሳምንቱ በብሩሽ ጥረጉ፤ የውስጡን ጽዳት ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ክረምቱ ሲወጣ፣ ሌላውን የበጋው አቧራ ሲያበቃ አድርጉት።

ጎረቤቴ ዛሬ በክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፏል። በየሁለት ሰዓቱ ማሽኑ ሩብ ሰዓት እንደሚያርፍ ይገልጻል። መጀመሪያ ልጆቹ አጉረመረሙ። አሁን ግን በዚያ ሩብ ሰዓት ወደ ደጅ ወጥተው ውኃ ይጠጣሉ፣ ይነጋገራሉ፤ በጨዋታው የተጣሉትም እስኪመለሱ ድረስ ይታረቃሉ። ዕረፍቱ የታሰበው ለማሽኑ ነበር፤ ልጆቹም ተካፈሉት።

እንግዲህ በየቤታችሁ ያለውን ዕቃ ስታዩ በስንት ሰው ድካም እንደ መጣ አስቡ። አንዲት እኅት በሰው አገር ወለል እየወለወለች የላከችው፣ በአንድ እፍኝ ትቢያ ምክንያት እንዳይጣል።