ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት ደጅ፦ የቪሊስካ ጎዳና

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ በሐሳብ ይዘንዎት የምንጓዘው በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ወደምትገኝ ቪሊስካ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1912፣ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 1904 ዓ.ም.፣ በዚህች ከተማ በአንድ ሌሊት ስምንት ሰዎች በተኙበት በመጥረቢያ ተገደሉ። ከእነርሱ መካከል ስድስቱ ልጆች ነበሩ። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስለ ግድያው ዘግናኝነት ብዙ ተወርቷል። እኛ ግን መንገዱን፣ ሐዲዱንና የጎረቤቱን ደጅ እንመልከት፤ ቦታው ለትዳርዎና ለቤትዎ የሚነግረው ነገር አለውና።

አጭሯ መንገድ

በዚያን ጊዜ ቪሊስካ ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች የሚኖሩባት፣ በእርሻ የተከበበች ከተማ ነበረች። እሑድ ጁን 9 ቀን ምሽት በፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የልጆች ቀን ተከበረ። ዝግጅቱን ያስተባበሩት ወይዘሮ ሣራ ሙር ነበሩ። እርሳቸውና ባለቤታቸው አቶ ጆሳያ ከአራቱ ልጆቻቸው ጋር ተገኝተዋል። የ12 ዓመቷ ሊናና የ8 ዓመቷ ኢና የተባሉ እኅትማማቾችም በሙር ቤት እንዲያድሩ ተጋብዘው ነበር። ፕሮግራሙ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲያበቃ ስምንቱም በእግራቸው ወደ ቤት አመሩ። መንገዱ ጥቂት ብሎኮች ብቻ ነው፤ ልጅ የያዘ ሰው እንኳ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። እርስዎም ከአምልኮ በኋላ ልጆችዎን እጃቸውን ይዘው እንዲህ ያለውን መንገድ ስንት ጊዜ ተጉዘዋል!

የጎረቤት ዓይን

ሰኞ ማለዳ የሙር ቤት ጭር አለ። አጠገባቸው የሚኖሩት ሴት ወይዘሮ የወትሮው የጠዋት ሥራ አለመጀመሩን አስተዋሉ። ወጥተው በሩን አንኳኩ፤ መልስ የለም። ዶሮዎቹን ከማደሪያቸው ለቀቁላቸው፤ ከዚያም ወደ አቶ ጆሳያ ወንድም ስልክ ደወሉ። ነገሩ የተገለጠው በዚህ መንገድ ነው። ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት አንዲት ጎረቤት የአጠገቧን ቤት ልማድ ታውቅ ነበር።

ወሬው ግን ከሕግ ፈጠነ። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ከአደባባዩ እስከዚያ ቤት ለመድረስ ጊዜ አይፈጅም። ወታደሮች መጥተው ቤቱን እስኪያስከብሩ ድረስ ብዙ ሰው ገብቶ ከክፍል ክፍል ተዘዋወረ። ምናልባት ገዳዩን ሊያመለክት ይችል የነበረ ምልክት በእግር ተረገጠ፤ በእጅም ተነካካ። ከጎረቤት ግዛት ከነብራስካ የመጡት አነፍናፊ ውሾች ዱካውን ይዘው እስከ ኖዳዌይ ወንዝ ሄዱ፤ እዚያም ጠፋባቸው።

ሐዲዱና አደባባዩ

የቪሊስካን ካርታ ቢመለከቱ ሁለት ነገር ያያሉ። አንደኛው በከተማዋ የሚያልፈው የበርሊንግተን የባቡር ሐዲድ ነው። ባቡር ለገበሬው ገበያ፣ ለነጋዴው ዕቃ ያመጣል፤ ማንነቱ የማይታወቅ ሰውንም በሌሊት አምጥቶ ከንጋት በፊት ይወስዳል። በ1911 በኮሎራዶ ስፕሪንግስና በካንሳስ ግዛት ኤልስወርዝ፣ በጁን 1912 መጀመሪያ ደግሞ በካንሳስ ግዛት ፓኦላ ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ በቤታቸው ተገድለዋል። ሁሉም የባቡር ከተሞች ናቸው። ቢል ጄምስና ልጃቸው ሬቸል በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ ገዳዩ በባቡር የሚዘዋወር አንድ ሰው ነበር ብለው ተከራክረዋል።

ሁለተኛው አደባባዩና ሱቆቹ ናቸው። አንዳንዶች ጠላቱ ከሩቅ ሳይሆን ከዚያው፣ ከንግድ ፉክክር መካከል እንደ ወጣ አመኑ። በአንድ የታወቁ ነጋዴና የምክር ቤት አባል ላይ ጣት ተቀሰረ፤ ሆኖም በግድያው ተከሰው ፍርድ ቤት አልቀረቡም። በዚያች እሑድ በከተማዋ የነበረና ሰኞ ማለዳ በባቡር የሄደ አንድ ሰባኪም በ1917 በሬድ ኦክ ከተማ ሁለት ጊዜ ለፍርድ ቀረበ። በመጀመሪያው ዳኞቹ አልተስማሙም፤ በሁለተኛው በነጻ ተለቀቀ። የሁለቱንም ስም እዚህ አንጽፍም፤ ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ሰው እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ ልንፈርድበት አይገባንምና። የከተማዋ ነዋሪዎች ግን ለዓመታት በጥርጣሬ ተከፋፈሉ። የአንድ ሌሊት ቁስል ሳይሽር በቁስሉ ላይ የአንደበት ቁስል ተጨመረ።

ዛሬ ቢሄዱ

የቪሊስካ ሕዝብ ዛሬ ከዚያ ዘመን ቀንሷል፤ በ2020 ቆጠራ 1,100 ከፍ ይል ነበር። የጭነት ባቡር ግን አሁንም ያልፋል። ያ የእንጨት ቤት በ1994 ከተገዛ በኋላ የ1912 መልኩን እንዲይዝ ታድሷል፤ መንፈስ እናያለን ብለው ከፍለው የሚያድሩበት ጎብኚዎችም ብዙ ናቸው። ውድ አንባቢ፣ እግርዎ ወደዚያ ቢጥልዎ ከአልጋዎቹ ይልቅ ወደ መቃብሩ ስፍራ እንዲሄዱ እንመክርዎታለን። እዚያ ስማቸውን አንብበው ዝም ማለት ይችላሉ።

እኛ የልቅሶ ቤት ባህል ያለን ሕዝብ ነን። ኀዘን ሲሰማ ደጅ እንሞላለን፤ ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ለማጽናናት የገባ እግርና ለማየት የገባ እግር በአንድ ደጃፍ ያልፋሉ። የትኛው የእኛ እንደሆነ የሚለየው ስንወጣ በምናወራው ነው።

ባልና ሚስት ሆይ፣ ዛሬ ማታ እስቲ ተጠያየቁ፦ የጎረቤታችን ቤት ነገ ጠዋት ጭር ቢል እናስተውላለን? ስልካቸው አለን? ልጆቻቸውን በስም እናውቃለን? ካላወቃችሁ ነገ በራቸውን አንኳኩ።