ተራ የሚጠበቅበት ሐዲድ

ከቁስቋም ቁልቁል በሽሮ ሜዳና በስድስት ኪሎ አድርገን ለገሃር ስንደርስ፣ ስለ ድሮው ባቡር እያወራኋት የልጅ ልጄ፣ «አባባ፣ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ቢመጣስ?» አለችኝ።

ደግ ጠየቀች። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ መስመር ነጠላ ነበር። ስለዚህ በመንገዱ ጣቢያዎች ከዋናው ሐዲድ ጎን ሌላ አጭር ሐዲድ ተዘርግቶ፣ አንዱ ባቡር እዚያ ገብቶ ይቆማል፤ ሌላው ያልፋል። (በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር እስከ አዳማ ድርብ ነው።)

ልጅ ሳለሁ ድሬዳዋ ወደሚሠራው አባቴ ስንጓዝ ባቡራችን እንዲህ ቆመ። በመስኮት ቆሎ ገዛን። እናቴ ግን አልቀመሰችም፤ ደብዳቤያችን ሳይደርሰው እሱም ወደ እኛ ተነሥቶ ቢሆንስ ብላ፣ የሚመጣው ባቡር ሲያልፍ የተሳፋሪውን ፊት ሁሉ በዓይኗ ትለቅም ነበር።

«ነበረበት?»

«አልነበረም። ድሬዳዋ ጣቢያ ቆሞ ጠበቀን።»