ዓይን የሌለው ጥንዚዛ

ዛሬ ሩቅ አገር እንሄዳለን። አገሪቱ ስሎቬኒያ ትባላለች። በአውሮፓ የኢጣሊያ ጎረቤት ናት። ምድሯ የኖራ ድንጋይ ይበዛበታል። ይህን ድንጋይ ውሃ እየበላ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ አገሪቱ ዋሻ የሞላባት ናት።

ከዋሻዎቹ አንዱ ፖስቶይና ነው። ፒቭካ የሚባል ወንዝ የቦረቦረው ነው። ርዝመቱ ከ24 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዛሬ ጎብኚዎች በትንሽ ባቡር ይገቡበታል። ውስጡ ጨለማ፣ ብርድና እርጥበት ነው። ፀሐይ ስለሌለ ሣር አይበቅልም። ታዲያ እዚያ ምን ይኖራል?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ሉካ ቼች የሚባል ሰው መልሱን አገኘ። ሉካ ሊቅ አልነበረም። በዋሻው ውስጥ መብራት አብሪ ነበር። አንድ ቀን ትንሽ እንግዳ ፍጥረት አየ። ዝም ብሎ አላለፈም። ሆኸንዋርት ለሚባል ባላባት ሰጠው። ባላባቱም ፈርዲናንድ ሽሚት ለተባለ ነጋዴ ሰጠው። ሽሚት ነፍሳትን የሚያጠና ሰው ነበር።

ሽሚት እያገላበጠ መረመረው። እግሩን ቆጠረ፤ ስድስት ነው። ጀርባው ጠንካራ ሽፋን አለው። እንግዲህ ከጥንዚዛ ወገን ነው። ግን ዓይን የለውም! አይበርምም። አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ የተነፋ፣ እግሩ ረጅም ነው። በጨለማ የሚሄደው በራሱ ላይ ባሉት ሁለት ረጃጅም መዳሰሻዎች ነው። የሞቱ ትንንሽ ፍጥረታትን ይበላል። ሽሚት ከሚታወቁት ጥንዚዛዎች ጋር ቢያስተያየው አንዱንም አልመሰለውም።

ስለዚህ በ1832 ስም አውጥቶ ጻፈው። ሌፕቶዲሩስ ሆኸንዋርቲ አለው። የፊተኛው ስም «ቀጭን አንገት» ማለት ነው፤ እንደ ጎሣ ስም ያገለግላል። የኋለኛው የራሱ መለያ ነው። ሊቃውንት ለእንስሳም ለተክልም እንዲህ ሁለት ስም ይሰጣሉ። በየአገሩ ያለ ሊቅ በዚሁ ስም ይጠራዋል፤ መደናገር አይኖርም።

ከዚያ ወዲህ በሌሎች ዋሻዎችም ፍለጋው ቀጠለ። በመቶ የሚቆጠሩ የዋሻ ጥንዚዛ ዓይነቶች ተገኙ።

አያችሁ? ያገኘው መብራት አብሪው ነው። ጥንዚዛው የተጠራው ግን በባላባቱ ስም ነው። ሆኖም የሉካ ሥራ ተጽፎ ስለቆየ፣ እኛም ዛሬ ስሙን አነበብን።

በእኛም አገር ዋሻ አለ፤ ጫካና ማሳም አለ። የማሳውን ነፍሳት ከገበሬና ከእረኛ አብልጦ የሚያይ ማን አለ? እንግዳ ነገር ስናይ የት፣ መቼ፣ ምን እንደሚመስል እንጻፍ። እግሩን እንቁጠር፤ ቀለሙን እንመልከት። ያየነውን የምንጽፍበት ብዕር አሁን በእጃችን ነው።